«ማንንም አልገደልኩም፤ ታዲያ ይህ ‹1› ከየት መጣ?» የዲስኦነርድ ችግርና መፍትሄ

ዲስኦነርድ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በሚገኘው አርኬን ስቱዲዮስ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. በቤተስዳ አማካይነት ለገበያ የቀረበ፣ ተሸሽጎ በመንቀሳቀስ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የእቴጌ ጄሳሚን ካልድዊን አጃቢ የነበረውን ኮርቮ አታኖን ሆኖ ይጫወታል፤ እቴጌይቱ ሲገደሉ ወንጀሉ በእሱ ላይ ተላክኮ ይታሰራል፣ ከወህኒ አምልጦም አይጦች ባሰራጩት ወረርሽኝ በደቀቀችው በደንዎል ከተማ ውስጥ ሴረኞቹን አንድ በአንድ ያሳድዳል። ጨዋታው ዘጠኝ ተልዕኮዎች አሉት፤ ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው አንድም ሰው ሳይገደል መጨረስ ይቻላል፣ ይህን ለፈጸመ ተጫዋችም «ክሊን ሃንድስ» የተባለው ሽልማት ይሰጣል።

እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከሽፎብኝ በሦስተኛው ተሳክቶልኛል። በሁለቱም ጊዜ ያበላሸብኝ ሰይፌ አልነበረም፤ በሰላም አስተኝቼው ዞር ያልኩበት ሰው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የሚመጡ ስለሆኑ፣ መፍትሄ ፍለጋው ያንቀላፋው ሰው የት እንደተቀመጠ ከመጠየቅ ቢጀምር ይሻላል።

ችግር፦ የውጤት ገጹ «አንድ ጠላት ተገድሏል» ይላል፤ እኔ ግን ማንንም አልገደልኩም

በእያንዳንዱ ተልዕኮ መጨረሻ የሚወጣው ገጽ የተገደሉ ጠላቶችን፣ የተገደሉ ሰላማዊ ሰዎችን፣ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት የወደቀ ሰው በሌሎች እንደተገኘና ስንት ጊዜ ደወል እንደተደወለ ለየብቻ ይዘረዝራል። ጨዋታው ራሱን የሳተ ሰው በኋላ ቢሞት ሞቱን ራሱን ባሳተው ተጫዋች ላይ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የተሳሳተ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ወንዝ ወይም ቦይ ውስጥ ከወደቀ ይሰምጣል። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ተሸክመው ከሰገነት የወረወሩት፣ ወይም ራሱን እንዲስት ከአጥር ጠርዝ አጠገብ ሲያንቁት ተንሸራቶ የወደቀ ሰው በወደቀበት ይሞታል። ሦስተኛውና ተንኮለኛው ምክንያት አይጥ ነው፤ የአይጥ መንጋ መሬት ላይ የተጋደመ ሰው ካገኘ ይበላዋል፣ ይህም የሚሆነው እርስዎ ሁለት መንገድ አልፈው ከሄዱ በኋላ ሊሆን ስለሚችል ምንም አያዩም፣ ምንም አይሰሙም። እኔ በሦስተኛው ተልዕኮ ጎልደን ካት በተባለው ቤት ሰገነት ላይ አንድ ዘበኛ አንቄ፣ ሰውነቱን እንዳይታይ ብዬ ወደ ጥጉ ስገፋው ከጠርዙ ያለፈ መሆኑን ያወቅሁት የውጤት ገጹ ላይ ስደርስ ነበር፤ የአንድ ሙሉ ምሽት ድካም ነበር የጠፋው።

አራተኛው ምክንያት ኤሌክትሪክና ፍንዳታ ነው። በከተማዋ በሮች ላይ የቆሙት፣ የሚያልፍባቸውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚያቃጥሉት የብርሃን ግድግዳዎች የሚሠሩት በዓሣ ነባሪ ዘይት ነው። ሽቦአቸውን ቀይረው ግድግዳውን ለራስዎ ሲያደርጉት እርስዎ ያልፋሉ፣ ተከትሎ የሚያልፈው ዘበኛ ግን አመድ ይሆናል፣ ሒሳቡም ወደ እርስዎ ይመጣል። ስለዚህ ሽቦውን አይቀይሩ፤ የዘይት ጋኑን ከማስቀመጫው ነቅለው ያውጡትና ግድግዳው ይጥፋ። የነቀሉትን ጋን ደግሞ ቀስ ብለው ያስቀምጡት እንጂ አይወርውሩት፣ ሲወረወር ይፈነዳልና። ዊንድብላስት የተባለው የነፋስ ኃይልም ሰውን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ ወይም ከጠርዝ ገፍቶ ስለሚገድል፣ ዴቫውሪንግ ስዋርም የተባለው የአይጥ መንጋ ጥሪም ዓላማው መግደል ስለሆነ፣ ሁለቱን ከመግዛት ይልቅ ኃይል የሚገዛባቸውን «ሩን» የተባሉ ቅርጾች ከቦታ ቦታ በቅጽበት በሚያሻግረው በብሊንክና ከግድግዳ ጀርባ ያለን ሰው በሚያሳየው በዳርክ ቪዥን ላይ ማዋሉ ይበጃል።

መፍትሄው ራሱን የሳተውን ሰው ተሸክሞ አይጥ የማይወጣበት ቦታ ላይ ማኖር ነው፦ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የተቆለለ ሣጥን ላይ፣ ወፍራም ቧንቧ ላይ። የቆሻሻ ገንዳ ከሁሉ ይመረጣል፤ ከአይጥም ከዘበኛም ዓይን ይሠውራል። ከማነቅዎ በፊት ደግሞ የሚያንቁበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ወንዝ ዳር ወይም የደረጃ አናት ላይ ከሆነ ጥቂት ታግሰው ሰውየው ወደ ውስጥ ሲመለስ ይያዙት።

ቁጥሩ አንዴ ከወጣ በኋላ የትኛው ሰው እንደሞተ ለማወቅ የሚቻለው በቂ ሴቭ (ተመልሰው የሚጀምሩበት የተቀመጠ የጨዋታ ነጥብ) ከተያዘ ብቻ ነው። በአንድ ሴቭ ላይ እየደጋገሙ መጻፍ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ስህተት ነው። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሴቮች ይያዙ፦ አንዱ ተልዕኮው ሲጀመር፣ አንዱ የተልዕኮው ዒላማ የሆነው ዋናው ሰው ከተያዘ በኋላ፣ አንዱ ተልዕኮውን በሚዘጋው ጀልባ ላይ ከመሳፈርዎ በፊት። ከዚያም ጀልባው ላይ ተሳፍረው ገጹን ይመልከቱ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ወደ መሐለኛው ሴቭ ይመለሱ፣ ማንንም ሳይነኩ በጣራ በጣራ ወደ ጀልባው ይሂዱ፣ ገጹን እንደገና ይመልከቱ፤ አሁን ዜሮ ከሆነ ሰውየው የሞተው ከመሐለኛው ሴቭ በኋላ ነው ማለት ነው፣ ካልሆነ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርብዎታል።

ችግር፦ ለማነቅ ሄጄ ወጋሁት

ምክንያቱ የጣት ልማድ ነው። ማነቂያው የተቀመጠው ከመከላከያው ቁልፍ ጋር ነው፤ ማጥቂያውን የተጫነ ሰው ደግሞ ከኋላ ሆኖ ይወጋል። ሌሎች ጨዋታዎችን ለምዶ የመጣ እጅ ሰውን ከኋላ ሲያገኝ ወደ ማጥቂያው መሄዱ አይቀርም። እኔ የተጠቀምኩበት መፍትሄ ቀላል ነው፦ ከዘበኛ ጀርባ ስደርስ መጀመሪያ መከላከያውን ተጭኜ እይዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጨረሻውን እርምጃ የምራመደው። ማነቅ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ መሐል ላይ ቁልፉን ከለቀቁት ሰውየው ያመልጣል፣ ይጮኻል።

ከላይ ዘሎ በመውረድ ማጥቃት ሌላ ወጥመድ ነው። በዚህ ጨዋታ ከላይ ወርዶ ማስተኛት የሚባል ነገር የለም፤ ከላይ የወረደ ሰይፍ ይገድላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛው ክፍል ግን ከላይ ወርዶ ማስተኛት ተጨምሯል። ስለዚህ ሁለተኛውን ተጫውተው ወደ መጀመሪያው የተመለሱ ሰዎች በዚህ ይሳሳታሉ።

ችግር፦ የእንቅልፍ ቀስቱ መታው፣ እሱ ግን እየጮኸ ሮጠ

የእንቅልፍ ቀስት ምንም ያልጠረጠረን ሰው ወዲያው ያስተኛል፤ የነቃና ለውጊያ የተዘጋጀ ሰው ላይ ግን መድኃኒቱ እስኪሠራ ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ሮጦ ደወል ሊደውል፣ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ በሩጫው ላይ ድልድይ ዳር ደርሶ እንቅልፉ ሊጥለው ይችላል። ያኔ ሰውየውን ገደልኩ ብለው ያስቡ። በሃውንድ ፒትስ መሸታ ቤት የሚሠራው ፒየሮ ይህን የሚያስተካክል ማሻሻያ ይሸጣል፤ ከገዙት በኋላ ቀስቱ በውጊያ ላይ ያለንም ሰው ወዲያው ያስተኛል። እኔ ከሌሎቹ ማሻሻያዎች ሁሉ አስቀድሜ ብገዛው ኖሮ ሁለተኛው ሙከራዬ ባልከሸፈ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እግረ መንገዴን፦ መታየት መግደል አይደለም። ብዙ ተጫዋቾች አንድ ዘበኛ ባያቸው ቁጥር ተስፋ ቆርጠው ሎድ ያደርጋሉ፤ ክሊን ሃንድስን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ከንቱ ድካም ነው። መታየትን የሚከለክሉት «ሻዶው» እና «ጎስት» የተባሉት ሌሎቹ ሽልማቶች ናቸው። እርስዎ በብሊንክ ጣራ ላይ ይውጡ፣ ዘበኞቹ ፈልገው እስኪሰለቹ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቀጥሉ።

ችግር፦ ዋናውን ሰው ካልገደልኩ ተልዕኮው አያልቅም

ያልቃል። ሌላው መንገድ ግን ሰውን በማነጋገር፣ የተጣለ ደብዳቤ በማንበብ ወይም ሲያወሩ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ የሚከፈት ስለሆነ፣ በጥድፊያ የሚሄድ ተጫዋች ጨርሶ አያገኘውም።

የከተማዋ የሃይማኖት ሥርዓት አለቃ የሆነው ሃይ ኦቨርሲር ካምቤል የከተማ ዘበኞችን መኮንን ካፒቴን ኩርናውን በመርዝ ሊገድለው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የብርጭቆዎቹን ቦታ መለዋወጥ ብልጠት ይመስላል፣ ነገር ግን ካምቤልን መግደል ነው። ብርጭቆዎቹን ከሰበሩ ካምቤል ኩርናውን ወደ ሥውር ክፍሉ ይዞት ይወርዳል፤ በዚያ ካምቤልን አንቀው ይዘው፣ ወደ ምርመራ ክፍሉ ወንበር ተሸክመው ወስደው፣ በመናፍቃን ማኅተም ፊቱን ይተኩሱት። በዚያ ሥርዓት ሕግ መሠረት ማኅተሙ ያረፈበትን ሰው ማንም አያስጠጋውም። ካምቤልን በኋላ በጎርፍ በተጥለቀለቀው ሰፈር በወረርሽኙ ተይዞ ያገኙታል፤ ያኔም እንዳይገድሉት።

የጎልደን ካት ተልዕኮ ዒላማ የሆኑትን የፔንደልተን መንትዮች በተመለከተ የቦትል ስትሪት ወሮበሎች አለቃ ስላክጃው ከጎልደን ካት ከሚገኘው የሥዕል ነጋዴ የካዝና ቁጥር እንዲያመጡለት ይጠይቅዎታል፤ ቁጥሩን ከሰጡት መንትዮቹን እሱ ራሱ ያስወግዳቸዋል፣ እርስዎ አጠገባቸው እንኳ አይደርሱም። ምላሳቸው ተቆርጦ በራሳቸው የብር ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠሩ ዘንድ ይላካሉ።

በግብዣው ተልዕኮ ዒላማ የሆነችው ሌዲ ቦይል ከሦስቱ እኅትማማች የትኛዋ እንደሆነች በየጨዋታው ይለያያል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው የነገረዎትን የልብስ ቀለም አይመኑ፣ በግብዣው ላይ ጠይቀው ይለዩ። ከዚያም ምድር ቤት ለሚጠብቃት ለሎርድ ብሪስቢ አሳልፈው ይሰጧታል፤ እሱም በጀልባ ይወስዳታል። ይህን መፍትሄ የምጽፈው ቅር እያለኝ ነው፤ ሴትን ሳትጠየቅ ለሚመኛት ሰው ማስረከብ እንዴት «ንጹሕ እጅ» እንደሚባል እስካሁን አልገባኝም፣ ጨዋታው ግን ግድያ ብሎ አይቆጥረውም። በዚሁ ግብዣ ላይ የሚቀርብልዎትን የሽጉጥ ፍልሚያ አለመቀበል ምንም አያስቀርብዎትም።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ሶኮሎቭ በሕይወት ካልመጣ ተልዕኮው ራሱ ይከሽፋል፤ ስለዚህ ከድልድዩ ሲወርዱ ተሸክመውት አይዝለሉ። ከእቴጌይቱ ሞት በኋላ ሥልጣኑን የያዘው ሎርድ ሪጀንት ኃጢአቱን በራሱ ድምፅ ቀድቶ አስቀምጧል፤ ቅጂውን ከግል ክፍሉ ወስደው በግንቡ ማሠራጫ ላይ ካጫወቱት የራሱ ወታደሮች ያስሩታል፣ በእኔ እምነትም ከሁሉ የሚያረካው ፍጻሜ ይህ ነው። እቴጌይቱን ከገደለው ከዳውድ ጋር መጋጠም አያስፈልግም፤ ሳያይዎት ቦርሳውንና ቁልፉን ሰርቀው መውጣት ይችላሉ።

ችግር፦ ዊፐሮችና አይጦች ይቆጠራሉ?

ዊፐር የተባሉት በወረርሽኙ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሱ፣ ደም የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። አስፈሪ ቢሆኑም ሰዎች ስለሆኑ ይቆጠራሉ፤ እነሱንም ማነቅ ወይም በእንቅልፍ ቀስት ማስተኛት ይቻላል። አይጥና በወንዙ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን አይቆጠሩም።

ችግር፦ ጨዋታው አለቀ፣ ሽልማቱ ግን አልመጣም

ተደጋጋሚው ምክንያት ሁለቱን ሽልማቶች ማደባለቅ ነው። ጎስት ዋና ዋናዎቹን ሰዎች መግደልን ይፈቅዳል፣ ከመግቢያው ተልዕኮ በኋላ ያለውን ብቻም ይመለከታል። ክሊን ሃንድስ ግን ማንንም አያስቀርም፤ ካምቤልን የገደለ ተጫዋች ጎስትን አግኝቶ ክሊን ሃንድስን ያጣል። መግቢያውንም ነጻ ቀጣና አድርገው አይመልከቱት፤ በኮልድሪጅ ወህኒ ቤት ሲያመልጡ ቀስት ስለሌለዎት ሰይፍ ይቀናዎታል፣ እጅዎን ከዚያው ይሰብስቡ።

በመጨረሻው ተልዕኮ ደግሞ ግድያዎን ዝቅ አድርገው ከመጡ የመብራት ማማው አናት ላይ ሲደርሱ ኮርቮን የከዱት አጋሮቹ ማርቲንና የመንትዮቹ ወንድም ፔንደልተን ሞተው ያገኛሉ። ብዙ ሰው እዚህ ደንግጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። መርዙን ያጠጣቸው ሦስተኛው ከሃዲ አድሚራል ሃቭሎክ ነው፣ በእርስዎ ላይ አይቆጠርም። ሃቭሎክን ከኋላ አንቀው ወይም በቀስት አስተኝተው ቁልፉን ይውሰዱ፤ ሲጥሉት ግን ከክፍሉ መሐል ይሁን እንጂ ከማማው ጠርዝ አጠገብ አይሁን።