ለሐይቅ ዳር ፔንሲዮን የአማርኛ ዌብሳይት እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ላይ ዌብሳይት የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ፔንሲዮን ያለው፣ ጀልባ የሚያከራይ ወይም አሳ ቤት የከፈተ ሰው የሚፈልገው ስልኩ እንዲጮህለት ነው። የሚንሸራተት ፎቶና «ራእይና ተልእኮ» የሚል ገጽ ማንም አይፈልግም። ስለዚህ እዚህ የማሳያችሁ የአንድ ገጽ አሠራር ነው። ምሳሌያችን ጣና ዳር ያለ፣ ክፍል የሚያከራይና እንግዶቹን በጀልባ ወደ ዘጌ የሚልክ ፔንሲዮን ይሁን። የገጽ መሥሪያ ቋንቋዎቹን ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ትንሽ የነካካ ሰው አይቸገርም።

1. መጀመሪያ ወረቀት

ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ስልክ የሚያነሳውን ሰው አናግሩ። ባለቤቱ ስለ ሕንፃው ያወራችኋል፤ ሪሴፕሽን ላይ የምትቀመጠው ልጅ ግን እንግዳው ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። «ሰው ደውሎ ምን ይጠይቅሻል?» በሏት። ሙቅ ውሃ አለ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ? መኪና የት ይቆማል? ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንት ነው? ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል? በቃ፣ ገጹ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውን ከላይ አድርጋችሁ መልሱን ጻፉ።

ጀልባ ካለ ደግሞ አንድ ነገር አይቅር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ይገባል። ይህን ገጹ ላይ ካላሰፈራችሁት እንግዶቹ የሚሰሙት ከፍለው ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ጭቅጭቁም የሚወርደው እዚያችው ልጅ ላይ ነው።

2. መሣሪያ

መሣሪያ ስመርጥ የማየው ኔትወርክ ሲጠፋ መሥራቱን ነው። ለመጻፊያ ቪኤስ ኮድ በቂ ነው፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ላይቭ ሰርቨር የሚባለውን ማስፋፊያ ጨምሩበት። ከዚያ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን አገናኙት፣ ስልኩ ብሮውዘር ላይ የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ከ5500 ፖርት ጋር ጻፉ። ገጹ ስልካችሁ ላይ ይከፈታል። የሞባይል ዳታ ቢጠፋም ይሠራል፣ ምክንያቱም ሁለቱ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው።

ለማጣቀሻ ዴቭዶክስን ወይም ዚልን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሁለቱም የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ሰነዶችን ያለ ኢንተርኔት ያሳያሉ። የፎቶን ክብደት ለመቀነስ ስኩሽ አለ። የገጽ ንድፍ መሥሪያው ፊግማ ለትልቅ ሥራ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ገጽ ግን እርሳስና ወረቀት ይበልጠዋል ባይ ነኝ።

3. ፊደሉን ማስተካከል

አብዛኛው የአማርኛ ዌብሳይት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ቀስ ብለን እንየው።

ፋይሉ ሲቀመጥ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደሉ ወደ ባይት የሚለወጥበት ስልት፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አረጋግጡ። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በቀኝ በኩል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የገጹ ራስጌ ውስጥም ለብሮውዘሩ ኢንኮዲንጉን የሚነግረውን ሜታ ቻርሴት ዩቲኤፍ 8 በሉ፣ ከሁሉም በፊት ይቀመጥ። የገጹን ቋንቋም አማርኛ ብላችሁ ግለጹ፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው አንባቢ ፕሮግራሞች በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነቡ የሚያውቁት ከዚያ ነው።

ፎንት ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም ክብደት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል መልኩ ደስ ይላል፣ የብራና ጽሑፍ ጠረን አለው፤ ችግሩ የራሱ ወፍራም ቅርጽ የለውም። ርእሱን ወፍራም ካላችሁት ብሮውዘሩ ፊደሉን በግድ ያደልበዋል። ያኔ የ«ጨ» እና የ«ሠ» ክፍተት ይደፈናል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይነበብም። ስለዚህ አቢሲኒካን ለመደበኛ ጽሑፍ፣ ኖቶን ለርእስ አድርጉ። ፎንቱን ዎፍ 2 በሚባለው ፎርማት ከራሳችሁ ፋይሎች ጋር አስቀምጡ። ሲኤስኤሱ ውስጥ ፎንት ዲስፕሌይን «ስዋፕ» በሉት፤ ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት ይታያል። ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰው ፎንታችሁን ጭራሽ ላያየው ይችላል፤ እሱም በስልኩ ፎንት ያነባል፣ ችግር የለውም።

የመስመር ከፍታውን 1.7 አካባቢ አድርጉ። ፊደላችን ሁሉም ቁመተ ረጅም ነው፤ ለላቲን የሚበቃው 1.4 ለኛ ይጠባል። አማርኛን አታዝምሙ (ኢታሊክ አታድርጉ)። በፊደላት መካከልም ክፍተት አትጨምሩ።

አራት ነጥብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን ደርድሮ ይጽፈዋል፣ ከፊቱም ክፍተት ይተዋል። ላፕቶፕ ላይ ምንም አይመስልም። ስልክ ላይ ግን መስመሩ ሲሞላ ነጥቦቹ ብቻቸውን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይወርዳሉ። ባለቤቱ በቴሌግራም የላከላችሁን ጽሑፍ ገጹ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት «ፈልግና ተካ» በሚለው ሁለቱን ኮለን በእውነተኛው «።» ቀይሩ፣ ከፊቱ ያለውን ክፍተትም አጥፉ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ገጹን ግን ሌላ ያደርገዋል።

አንዳንዴ የድሮ ብሮሹር በዎርድ ፋይል ይመጣላችኋል። ገልብጣችሁ ስትለጥፉት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከሆነ፣ ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሰው በድሮው ልማድ ሲጽፍ ነበር። ጽሑፉ አንድ ገጽ ከሆነ መቀየሪያ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ፣ እንደገና ጻፉት።

4. ፎቶ

የገጹ ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይከብድም። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 የሚይዘው 3 ባይት ነው፤ 500 ቃል ብትጽፉ ከ10 ኪሎባይት ብዙም አይዘልም። ዳታ የሚበላው ፎቶው ነው። በስልክ የተነሳ አንድ የጣና ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ስኩሽ ላይ ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርዱት፣ ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ፎርማት ምረጡ፣ ጥራቱን 75 አድርጉ። ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ልዩነቱንም በዓይን አትለዩትም። ከመጀመሪያው ፎቶ በቀር ሌሎቹን ሰው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ አድርጉ።

ቀለምን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አትወስኑ። እንግዳው ገጹን የሚከፍተው ጀልባ መነሻው ላይ ቆሞ፣ ፀሐይ ከውሃው ላይ እየተንጸባረቀ ሊሆን ይችላል። ነጭ ላይ ያለ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ እዚያ አይታይም። የተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንጽጽር ይጠይቃል፤ ክሮም ውስጥ ያለው ላይትሃውስ ይለካላችኋል። ከዚያ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱና እዩት።

5. ሰዓትና ቀን

«ጀልባ በ2:00 ይነሳል» ብላችሁ ጻፉ እንበል። የኛ ሰው ጠዋት ይመጣል። የውጭ እንግዳው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፈገግ ብሎ ይመጣል። ያኔ ጀልባው ሄዷል። አማርኛው ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት»፣ እንግሊዝኛው ላይ «8 ኤኤም» ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱም ጠዋት መሆኑ በግልጽ ይነገር። ቁጥሩን ብቻውን አትተዉት።

ቀንም እንደዚያው ነው። ፎርም ላይ የሚመጣው የብሮውዘሩ ቀን መምረጫ የአውሮፓውያኑ ነው፣ ጷጉሜን አያውቅም። ከተመረጠው ቀን ጎን የኛን ቀን አሳዩ። ለዚህ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ የጃቫስክሪፕት ቀን አቀናባሪ «ኢትዮፒክ» የሚል የካላንደር ምርጫ አብሮት አለ። በእጅ የተጻፈ ሂሳብ የሚሳሳተው በዓል ላይ ነው። ጥምቀት በሌላው ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 20። ለጥምቀት ሳምንት ክፍል የምታከራዩ ከሆነ የአንድ ቀን ስሕተት ማለት አንድ ሙሉ ፎቅ ማለት ነው።

6. ወደ ኢንተርኔት ማውጣት

ለአንድ ገጽ የሆስቲንግ ክፍያ አያስፈልግም። ጊትሃብ ፔጅስ፣ ኔትሊፋይ ወይም ክላውድፍሌር ፔጅስ በነፃ ያኖሩላችኋል፣ የደኅንነት ሰርተፊኬቱንም ራሳቸው ያወጣሉ። የምትከፍሉት ለዶሜይን ስሙ፣ ማለትም ለዌብሳይቱ አድራሻ፣ ነው። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ እንዲደውል አድርጉ። የመስመር ስልክ ከሆነ 058 የሚለውን ዜሮ ጥላችሁ በ+251 ጀምሩ።

ሲበላሽ

ደንበኛ «ሳይቱ አይሠራም» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ስክሪንሹት አስልኩ። «አይሠራም» ብዙ ዓይነት ነው።

በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ችግሩ ፎንት ነው፤ ጽሑፉ ደኅና ነው። ምልክት የተጫነባቸው እንግዳ የላቲን ፊደሎች ከተደረደሩ ፋይሉ ትክክል ሆኖ ብሮውዘሩ በሌላ ኢንኮዲንግ አንብቦታል፤ ቻርሴቱን አስተካክሉ፣ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን እዘኑ። ጽሑፉ ሲቀመጥ ነው የጠፋው፣ ብዙ ጊዜም ሳይቱ ጽሑፍ የሚያከማችበት ዳታቤዝ ካለ እሱ አማርኛ እንዲቀበል ስላልተዘጋጀ ነው። የዳታቤዙን ሠንጠረዥ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይራችሁ ጽሑፉን ከዋናው ቅጂ እንደገና አስገቡ። ከጥያቄ ምልክት ፊደል መልሶ የሚያወጣ የለም።

ፎቶው ላፕቶፕ ላይ ታይቶ ኢንተርኔት ላይ ከጠፋ የፋይሉን ስም እዩ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም፣ ሊኑክስ ሰርቨር ይለያል። ካሜራው በትልቅ ፊደል የሰየመውን እናንተ በትንሽ ከጠራችሁት አያገኘውም። ሁሉንም በትንሽ ፊደል ሰይሙ። የፋይል ስም በአማርኛ ባይሆን ይሻላል፤ አንድ ፊደል ሊንክ ውስጥ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፣ ሊንኩ ሲላክ የሚያስፈራ ሰንሰለት ይሆናል።

ያስተካከላችሁት ዋጋ አሁንም አሮጌውን ካሳየ ካሽ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ፣ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ ተጫኑ። ቴሌግራም ላይ ሊንኩ ሲለጠፍ የድሮው ፎቶ ከመጣ ደግሞ ዌብፔጅቦት ለሚባለው የቴሌግራም ቦት ሊንኩን ላኩለት፣ አዲሱን ያነባል። የቅድመ እይታ ፎቶው 1200 በ630 ፒክስል ቢሆን ጥሩ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሰርተፊኬቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ባትሪው ደክሞ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል። ወይም አንዱ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ኮምፒውተሩ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ስለሚመስለው ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም ይላል።

ሳይቱ ውስጥ መፈለጊያ ካስገባችሁ ሰው ሐይቅን፣ ሀይቅን፣ ሃይቅንም እንደሚጽፍ አስቡ። ከማወዳደራችሁ በፊት በሁለቱም በኩል ሐን፣ ኀንና ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር አጭር ኮድ ጻፉ። የሌሎቹን ቤቶች ፊደሎችም አትርሱ። «ባሕር ዳር» ተጣብቆም ተለያይቶም ስለሚጻፍ ክፍተቱንም አውጡት።

ስታስረክቡ

ለባለቤቱ አንድ ወረቀት ስጡት፦ የዶሜይኑ ስም፣ የተገዛበት ድርጅት፣ የሚታደስበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የገባበት ኢሜይል። ፓስወርዱን እሱ ራሱ ይጻፍ። ኢሜይሉ የባለቤቱ ይሁን፤ የናንተም፣ ክረምቱን ለእረፍት የመጣው የወንድሙ ልጅም አይሁን። ዶሜይኑ ሊያልቅ ሲል ማሳሰቢያው የሚላከው ወደዚያ ኢሜይል ነው።