ባልዲ ውስጥ የሻገተው የኮኮናት ቃጫ

ለማሳድገው እንሽላሊት ማደሪያ የሚነጠፍ ብዬ 650 ግራሙን የኮኮናት ቃጫ ጡብ (ደርቆ የተጠቀጠቀ ቃጫ ነው) በሙሉ ዘፍዝፌ የተረፈውን እርጥቡን ባልዲ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ስከፍተው ነጭ ሻጋታ፣ ሽታው የከረመ እርጥብ ጨርቅ። ላይ ላዩን ገፍፌ ጣልኩ፣ ተመለሰ። ክዳኑን በሳሁት፣ ከላይ ደረቀ እንጂ ከስር ያው ነው።

የሠራልኝ ይሄ ነው። የሻገተውን በሙሉ ጣልኩ። አዲሱን ጡብ በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆርጬ አንዱን ብቻ ከአንድ ሊትር ትንሽ በለጥ ባለ ለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍኩ (የፈላ አያስፈልግም፣ ግማሽ ሰዓት መታገስ ነው)፣ ከዚያ በእፍኝ እየያዝኩ ጠብታው እስኪያቆም ጨመቅኩት። ሁለቱ ቁራጮች እንደ ደረቁ ፌስታል ውስጥ ገቡ። የተረፈችውን እርጥብ ቃጫ አንሶላ ላይ ሳሳ አድርጌ አስጥቼ ሁለት ቀን አገላበጥኳት፤ እንደ ቡና ገለፈት ስትንኮሻኮሽ ትራስ ልብስ ውስጥ ከተትኳት። ሦስት ወር ሆናት፣ ሽታ የለም።