በጎንደር ዙሪያ በምግብ ዋስትናና በአየር ንብረት ሥራ ላይ ኢንተርን ስትወጡ

ኢንተርን ሆኖ እርዳታ ድርጅት የሚገባ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ታኅሣሥ ላይ ጃናሞራ ውስጥ የተሞላ ቁጥር፣ በቀጣዩ ክረምት የእህል ጭነት የት እንደሚራገፍ ከሚወስኑት ቁጥሮች አንዱ ነው። ስለዚህ እዚህ በሰፊው የምናየው ልኬቱን ነው፤ ቦታ ፍለጋውን ባጭሩ እንለፈው።

ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ፤ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደምትሠሩ ይጠቀስበት። አንድ ገጽ ሲቪ ይበቃል። ኤክሴል፣ ኮቦ (መጠይቅ በስልክ የሚሞላበት መተግበሪያ) ወይም ኪው ጂአይኤስ (ካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር) የምትችሉ ከሆነ ከላይ ጻፉት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችን ብቻ አትጠብቁ፤ የዞንና የወረዳ ግብርና መሥሪያ ቤቶች፣ የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤቶች፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር፣ እንደ ኦርዳ ያሉ አገር በቀል ድርጅቶችም አሉ። ወረዳ ላይ የተመደበ ሰው ዋና ቢሮ ከተቀመጠው ይልቅ ብዙ ነገር ያያል። ለምደባ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይኑራችሁ፦ የቅርብ ኃላፊያችሁ ማን እንደሆነ፣ ውሎ አበልና ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል፣ መስክ ላይ አደጋ ቢደርስባችሁ ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እናንተ አትርሱት።

ወቅቱንም አስቡበት። በጎንደር ዙሪያ ዋናው ዝናብ የክረምቱ ነው። የመኸር ምርት ግምገማ የሚካሄደው ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ሲሆን፣ የሴፍቲኔት (የተቸገሩ ቤተሰቦች እርከን የመሳሰለውን ሠርተው እህል ወይም ብር የሚያገኙበት ፕሮግራም) የማኅበረሰብ ሥራ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነው። ጎተራው የሚራቆተው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ስለ እርከን መማር የሚፈልግ ሰው ሐምሌ ላይ ቢመጣ የሚያየው ጭቃ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን እወቁ

አንድ መጠይቅ ለሁሉም ወረዳ አይሆንም። ደምቢያ ሜዳ ነው፤ ዋልካ አፈር፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ በርበሬ፣ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት የሚዘራ ሽንብራ። እዚያ ችግሩ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ማሳ ላይ መተኛቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭም አለ። ጃናሞራና በየዳ ደጋ ናቸው፤ ገብስ፣ ድንች፣ በግ፣ የተሸረሸረ ዳገት። መተማና ቋራ ቆላ ናቸው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ።

እነዚህ ቦታዎች በጉልበት የተሳሰሩ ናቸው። ከደጋው ብዙ ሰው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። የሰሊጥ ሥራ ከጠፋ ወይም መንገዱ ከተዘጋ፣ ዝናቡ ሰላም የነበረበት የደጋ ቤተሰብም እህል የሚገዛበት ብር ያጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ «ዝናቡ እንዴት ነበር?» ብሎ ማቆም አይበቃም፤ «ዘንድሮ ቆላ የወረደ አለ? ስንት ሳምንት ሠራ? የቀን ሂሳቡ ስንት ነበር?» ብላችሁ ቀጥሉ።

የምግብ ፍጆታ ነጥብ

የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ይህ ነጥብ ቤተሰቡ ባለፉት 7 ቀናት እያንዳንዱን የምግብ ዓይነት ስንት ቀን እንደበላ ይጠይቃል። ቀኑ በክብደት ይባዛል፦ እህልና ሥራሥር 2፣ ጥራጥሬ 3፣ አትክልት 1፣ ፍራፍሬ 1፣ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል 4፣ ወተት 4፣ ስኳር 0.5፣ ዘይት 0.5። ማጣፈጫ ዜሮ ነው። በተለመደው መቁረጫ እስከ 21 ደካማ፣ ከ21.5 እስከ 35 አማካይ፣ ከ35 በላይ ተቀባይነት ያለው ይባላል። ዘይትና ስኳር በየቀኑ በሚበላበት አካባቢ መቁረጫው 28 እና 42 ይሆናል፤ የትኛውን እንደምትጠቀሙ ከኃላፊያችሁ ጋር አስቀድማችሁ ወስኑ።

አንድ ቤት እንውሰድ። የገብስ እንጀራና ድንች 7 ቀን (14)፣ ሽሮ 5 ቀን (15)፣ ጎመን 2 ቀን (2)፣ ዘይት 4 ቀን (2)፣ ስኳር 2 ቀን (1)። ድምሩ 34 ነው፤ አማካይ። ድንቹና እንጀራው አንድ ቡድን ስለሆኑ ከ7 ቀን በላይ አይቆጠሩም። አሁን ጠያቂው ሽሮን «ወጥ» ብሎ ጻፈና ጥራጥሬ ውስጥ ሳያስገባው ቀረ እንበል፦ ድምሩ 19፣ ደካማ። ሌላ ጠያቂ ደግሞ ሽሮው ላይ የገባችውን ሽንኩርት ለ5 ቀን አትክልት ብሎ ቆጠራት፦ ድምሩ 39፣ ተቀባይነት ያለው። ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የጠያቂው እጅ ነው። በጥቂቱ የገባ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ሻይ ላይ ጠብ የተደረገ ወተት ማጣፈጫ ናቸው። ቡና ላይ የገባ ስኳር ግን ስኳር ነው፤ ቡናው በጨው የተጠጣ ከሆነ ደግሞ የለም።

ጠያቂዎች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ቤት ይጠይቁና ውጤታቸውን ያስተያዩ። ካልተስማሙ ወደ መስክ አይውጡ።

በጎንደር ገጠር ከሁሉ የሚከብደው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ወተት ዜሮ ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብም እንደዚሁ። ጾም ላይ የተሰበሰበ ቁጥርና ከፋሲካ በኋላ የተሰበሰበ ቁጥር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁኔታው የተሻሻለ ይመስላል፤ የተለወጠው ግን ቀን መቁጠሪያው ነው። ስለዚህ ካለፉት ሰባት ቀናት ስንቱ የጾም እንደነበሩ የሚመዘግብ ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ አስገቡ። ከዓመት ዓመት የምታወዳድሩ ከሆነ ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ ጋር አስተያዩ። ፋሲካ፣ ገና ወይም ተዝካር የዋለበትን ሳምንት ተዉት። ሙስሊም ቤተሰብ ባለበት ቀበሌ ለረመዳንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ችግርን የመቋቋሚያ መለኪያ

አምስት ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም ምግብ ወይም ገንዘብ ስላልነበረ ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን እንዲህ እንደተደረገ ይጠይቃሉ፤ ቀኑ በቅንፍ ባለው ክብደት ይባዛል። ብዙም የማይወደድ ወይም ርካሽ ምግብ መብላት (1)፣ ምግብ መበደር ወይም ከዘመድ መለመን (2)፣ የምግብ መጠን መቀነስ (1)፣ ልጆች እንዲበሉ አዋቂዎች መቀነሳቸው (3)፣ በቀን የሚበላበትን ጊዜ መቀነስ (1)። ከፍተኛው 56 ነው። በምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባ (ከ1 እስከ 5 ያሉት፣ 5ኛው ረሃብ የሆነ) ከ0–3 የመጀመሪያውን፣ ከ4–18 ሁለተኛውን፣ 19ና ከዚያ በላይ ሦስተኛውንና ከዚያ የከፋውን ደረጃ ያመለክታል።

ስህተቱ የሚመጣው «ምግብ ወይም ገንዘብ ስላልነበረ» የሚለው ሐረግ ሲዘለል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው «በቀን አንዴ ነው የምንበላ» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን ችግር አይደለም። ሐረጉን በአምስቱም ጥያቄዎች ላይ ደግማችሁ ተናገሩ፤ አሰልቺ ቢሆንም።

የእህል መጠን

«ስንት ኩንታል አለዎት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ወደ ዝምታ ይወስዳል። ሰው ጎተራውን ለእንግዳ መቁጠር አይወድም፤ የሚያስገብረው ወይም ከእርዳታ የሚያስወጣው ይመስለዋል። «ያላችሁ እህል እስከ ስንት ወር ያደርሳችኋል?» ስትሉ ግን ይመልሳል፤ «እስከ ሚያዝያ ቢያደርሰን ነው» የሚለው መልስ ለግምገማው ይበልጥ ይጠቅማል።

ጣሳና ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያሉ። የገበያ ዋጋ ስትሰበስቡ የእጅ ሚዛን ይዛችሁ የዚያን ገበያ ጣሳ ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ ለየብቻ መዝኑ፤ የአንዱ ክብደት ለሌላው አይሠራም። ዋጋውን ከሦስት ነጋዴ ጠይቁና መካከለኛውን ውሰዱ።

ቤት የምትመርጡት የቀበሌው መሪ በሚጠቁማችሁ መሠረት አይሁን። 900 አባወራ ካለና 30 ቤት ከፈለጋችሁ፣ 900ን ለ30 ስታካፍሉ 30 ይመጣል፤ ከ1 እስከ 30 አንድ ቁጥር በዕጣ አውጡና ከዚያ በየ30ው ዝለሉ። መንገድ ዳር ያሉትን ብቻ ከጠየቃችሁ ገበያ የቀረባቸውን ጠይቃችኋል ማለት ነው። በወሩ የሚካኤልና የማርያም ቀን ገበሬው ስለማያርስ ቤቱ ይገኛል፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠብቁ። ሴቶቹን ለብቻ አነጋግሩ፤ ወጥ ውስጥ ምን እንደገባ የምታውቀው እሷ ናት።

ዝናብና እርከን

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። የዝናብ መለኪያ ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፤ ከዛፍና ከግድግዳ ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል ይራቅ። ጣቢያ በሌለበት ቺርፕስ የተባለው የሳተላይት መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያሳያል፤ ለጃናሞራ ገደላ ገደል ግን ይህ ሻካራ ነው፤ ገበሬውን ሳትጠይቁ አትመኑት። ድምሩን ብቻ አትዩ። መቼ ገባ? በመካከል ስንት ቀን ተቋረጠ? መቼ ወጣ? እህል የሚያበቃበት ሳምንት ላይ ዝናቡ ከወጣ፣ ድምሩ ደህና ሆኖ ምርቱ ገለባ ይሆናል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በኤልኒኖ (በፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ) ምክንያት ከተዛባ በኋላ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ እርዳታ ተጠባቂ ሆኖ ነበር።

እርከን ስትቆጣጠሩ ሜትር ያዙ። 10 በመቶ ተዳፋት ላይ በሁለት እርከን መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተፈለገ ርቀቱ 10 ሜትር ነው። የአፈር እርከኑ ከተረገጠ በኋላ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይቁም። የሥራ ልኩ ለ1 ኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው) ነው፤ በወር 5 ቀን የሚሠሩ 30 ሰዎች በወር አንድ ኪሎ ሜትር ያደርሳሉ። ሪፖርቱ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ከተጻፈ ሄዳችሁ ለኩ፤ ቁመቱ ጉልበት ላይ የማይደርስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ያለ ማፋሰሻ የተሠራ ድፍን እርከን ውሃ ያቁርና ሰብሉን ያበሰብሰዋል፤ ከዚያ ገበሬው ራሱ ያፈርሰዋል። ያፈረሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁና ጻፉት።

ሕፃን ስታገኙ፣ መንገድ ስትወጡ

ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የግራ ክንድ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ ነው። ክንዱ ዘና ብሎ ይንጠልጠል፤ ልኬቱ በትከሻና በክርን መሃል ይሁን፤ ሜትሩ አይጥበቅ። ሁለቱንም እግሮች ለ3 ሰከንድ ተጭናችሁ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ቁጥር ሆኖ ወደ ቢሮ አይመለስም፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ኬላ ይላክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ታውቀው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድና ኔትወርክ ድንገት ይቋረጣሉ። የዕለቱን ፈቃድ ከደኅንነት ኃላፊው ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ከታጣቂም ሆነ ከመንግሥት ኃይል ጋር በአንድ መኪና አትሂዱ። የኮቦን ቅጽ ከጎንደር ሳትነሱ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ የተሞላው ያለ ኔትወርክ ይቀመጥና ስትመለሱ ይላካል። የቀን ጥያቄዎቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲወጡ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ያለዚያ «ታኅሣሥ 10» ዲሴምበር 10 ሆኖ ይገባል።

ቤት ስትገቡ ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁና መልሱ እርዳታ እንደማያስገኝ ተናገሩ፦ «አባቴ፣ ተለማማጅ ነኝ፤ የምጽፈው ለጥናት ነው፤ እህል አላመጣም፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ።» ከባድ ንግግር ነው፤ ግን ተስፋ ሰጥቶ መሄድ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በር ያዘጋበታል። የተራበ ልጅ ፎቶ አታንሱ።

ልምምዱ ሲያበቃ የሰዎቹን ስም የያዘውን ፋይል ከመልሶቹ ለይታችሁ በይለፍ ቃል ለኃላፊያችሁ አስረክቡ፤ ከስልካችሁም አጥፉ። ለወረዳው ሁለት ገጽ፣ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፦ ስንት ቤት እንደተጠየቀ፣ የጾም ቀናት ብዛት፣ የዚያ ገበያ ጣሳ ስንት ኪሎ እንደመዘነ፣ የፈረሰው እርከን የቱ ጋ እንደሆነ።