የፑሊ አሉሚኒየም፦ ከጅማ ጋራዥ ጥግ እስከ ማቅለጫው ድስት

ለወፍጮ ቤት ወይም ለቡና መፈልፈያ የተቀለጠ ፑሊ (ቺንጋው፣ ማለትም የማሽኑ ቀበቶ፣ የሚዞርበት መዘውር) በሁለት ወሩ ጠርዙ ሲረግፍ ወይም እምብርቱ ላይ ሲሰነጠቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ምድጃው ነው። «እሳቱ አልበቃውም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የገባው ከሰሉ ሳይቀጣጠል፣ የቁርጥራጩ ጆንያ ሲሞላ ነው። ፒስተኑ፣ ሽቦው፣ ካርቡሬተሩና የቢራ ጣሳው አንድ ላይ ተመዝኖ አንድ ላይ ድስት ከገባ የሚወጣው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ከየት ይገኛል

መጀመሪያ ጋራዥ ነው። ሞተር በሚፈታበት ጋራዥ ያረጀ ፒስተን አይጠፋም። የባጃጅ ፒስተን ትንሽ ስለሆነ ኪሎ ለመሙላት ብዙ ይፈልጋል፤ የጭነት መኪና የናፍጣ ፒስተን አንዱ ብዙ የባጃጅ ፒስተን ያህላል። እዚያው የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተር ራስ)፣ የካምቢዮ (የማርሽ) ቤት፣ የዲናሞና የሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ሽፋን ይገኛል። ሁለተኛው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ነው። ንጹሕ ነው፣ ዓይነቱም አይለዋወጥም። ሦስተኛው ቆራሌው ነው፤ እሱ የሚያመጣው ሁሉም የተደባለቀበት ስለሆነ ዋጋው ቢረክስም የመለየቱ ድካም የእናንተ ነው። ከተገኘ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የተሰበረ የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። 7 በመቶ ገደማ ሲሊኮንና ትንሽ ማግኒዚየም ያለበት፣ ለቅልጥ ተብሎ የተሠራ አሉሚኒየም ነው። ከምንም ጋር አትደባልቁት፣ ብቻውን ይቅለጥ።

የለስላሳና የቢራ ጣሳ አይመከርም። ስስ ስለሆነ ገና ሳይቀልጥ ይቃጠላል፤ ቀለሙም ይጨሳል። ብዙው አረፋ (ቅልጡ ላይ የሚንሳፈፍ ቆሻሻ) ሆኖ ይጣላል፣ የተረፈውም ሲሊኮን የለውም። በውስጡ የብረት ገመድ ያለው ወፍራም የመብራት መስመር ሽቦ ይዞ የመጣ ሻጭ ካለ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ሳታውቁ አትግዙ፤ ምሰሶ ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል።

መለየት

ማግኔት፣ ሞረድ፣ አንድ ጠርሙስ አቼቶና ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ ይበቃል።

ማግኔት የያዘው ብረት ነው፣ ወደ ጎን። ያልያዘው ሁሉ ግን አሉሚኒየም አይደለም። በእጅ አመዛዝኑት፤ የዚንክ ቅልጥ በመጠን እኩል ከሆነ አሉሚኒየም ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከብዳል። የድሮ ካርቡሬተር፣ የበር እጀታና የቁልፍ ቤት ብዙ ጊዜ ዚንክ ነው። አንድ የዚንክ ካርቡሬተር አምስት ኪሎ ቅልጥ ያበላሻል፦ ፑሊው ገና ትኩስ እያለ ይሰነጠቃል።

ከመጠን በላይ የሚቀል ዕቃ ሲያጋጥም ተጠንቀቁ። ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ይቀላል። የድሮዋ ቮልስ የሞተር ቤት ማግኒዚየም ነው፤ የአንዳንድ የእንጨት መቁረጫ ሞተሮች ሽፋንም እንዲሁ። ጥግ ላይ በሞረድ ፈግፍጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ወዲያው አረፋ ቢያወጣ ማግኒዚየም ነው፤ አሉሚኒየም ዝም ይላል። ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ነበልባል ያወጣል፣ ውሃ ሲደፋበት ደግሞ ይብስበታል። ከግቢው ይውጣ።

የመስኮቱን ዓይነት ንጹሕ አሉሚኒየም ከቅይጡ ለመለየት ኮስቲክ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ (ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ሶዳው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይጨመርም) በተሞረደ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ታጥቦ ነጭ ሆኖ የቀረው ሽቦ ወይም የመስኮት ፍሬም ነው። የጠቆረው መዳብ ወይም ሲሊኮን አለው።

እርሳስ ከተጠበቀው በላይ በብዙ መንገድ ይገባል። ቸርኬ ጠርዝ ላይ የሚለጠፉት የሚዛን ክብደቶች፣ ብሮንዚን (የሞተር ዘንግ የሚዞርበት ተሸካሚ)፣ የራዲያተር ብየዳ ሁሉም እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። አንድ በአንድ ንቀሉ። በዚህ ምክንያት ከዚህ የተደባለቀ አሉሚኒየም የምግብ ድስት ወይም ጭልፋ አይቀለጥም። ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ወጥ እርሳሱን ከግድግዳው እየሳበ ያወጣዋል፤ ልጆችን ደግሞ ትንሹም ይጎዳቸዋል። ደንበኛ ቢለምንም መልሱ አንድ ነው፤ ይህ የማሽን ብረት ነው።

ማጽዳት

ፒስተኑን ፋሻውን (ዙሪያውን ያሉትን የብረት ቀለበቶች)፣ ፒኑንና የፒኑን መያዣ ቀለበቶች አውጡለት። የናፍጣ ፒስተን ራስጌው ላይ፣ የመጀመሪያው ፋሻ በሚቀመጥበት ቦታ፣ የብረት ቀለበት ተቀብሮበት ሊሆን ይችላል። እሱን መፈልፈል አያስፈልግም። ፒስተኑ ሲቀልጥ ቀለበቱ ሳይቀልጥ ታች ይቀራል፤ ቶሎ በመቆንጠጫ ይውጣ። የቆየ እንደሆነ ብረቱ ወደ አሉሚኒየሙ ይሟሟል፤ አንድ በመቶ ካለፈ ደግሞ በውስጡ መርፌ መሰል ቅንጣቶች ሠርቶ ቅልጡን ተሰባሪ ያደርገዋል።

ዘይቱን በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡ፣ በኮስቲክ ሶዳ አይታጠብም። የሽቦ ላስቲክ በቢላ ይላጣል እንጂ አይቃጠልም፤ ጭሱ መርዝ ነው። አሞርዛቶር (የመኪና ንዝረት መቀነሻ) እና ማንኛውም የታሸገ ቱቦ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ሳይከፈት እሳት አጠገብ አይድረስ።

ከዚያ ማድረቅ ነው፤ ጅማ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ውጭ ያደረ ፒስተን ደረቅ መስሎ የፒኑ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ይዞ ይቀራል። እሱ የቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቅልጡን ፊት ላይ ይረጨዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመግባቱ በፊት ምድጃው ከንፈር ላይ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ፣ ውሃ ጠብ ሲደረግበት የሚንጫጫ እስኪሆን ይሙቅ።

መጀመሪያ ጡብ፣ ከዚያ ድብልቅ

በአንድ ቀን ለይቶ፣ አደባልቆ፣ ፑሊውን ለማፍሰስ መሮጥ ትርፉ ኪሳራ ነው። የተለየውን እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻ አቅልጣችሁ በአንግል ብረት ቅርጽ ውስጥ እንደ ጡብ አፍስሱ። ጡቡ ገና ሳይቀዘቅዝ በመሮ ምልክት ይመታበት፦ «ፒ» ለፒስተን፣ «ቴ» ለቴስታታና ለካምቢዮ፣ «መ» ለመስኮት።

ድስቱ ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ታቹ ተበይዶ ሊሆን ይችላል። ውስጡ በኖራ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀብቶ፣ በየመሃሉ እሳት ላይ ይድረቅ። ካልተቀባ አሉሚኒየሙ ድስቱን ራሱን ይበላዋል፤ ያ ብረት የሚገባው ፑሊያችሁ ውስጥ ነው።

ንጹሕ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። 12 በመቶ ገደማ ሲሊኮን ሲኖረው ወደ 577 ይወርዳል፣ እንደ ውሃም ይፈሳል። ፒስተን ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 በመቶ ሲሊኮን አለው፤ ግን ብቻውን ለፑሊ ደረቅ ነው፣ ቺንጋው ሲወጠር ጠርዙ ይረግፋል። የመስኮት ፍሬም ብቻውን ደግሞ ወፍራም ገንፎ ነው፤ ስሱን ጠርዝ ሳይሞላ ይረጋል፣ ሲጠነክር ይቀደዳል። ለ10 ኪሎ የሚስማማው ድብልቅ፦

ፒስተን 5 ኪሎ
ቴስታታና ካምቢዮ 3 ኪሎ
መስኮት 2 ኪሎ

ፒስተኑን 12፣ ቴስታታውን 8፣ መስኮቱን ግማሽ በመቶ ብላችሁ ብታሰሉ 60 ሲደመር 24 ሲደመር 1፣ ለ10 ሲካፈል 8.5 በመቶ ሲሊኮን ይመጣል። ቴስታታውና ካምቢዮው መዳብ ይጨምራሉ፤ ጥንካሬው ከዚያ ነው። የካምቢዮውን መጠን ግን አትጨምሩ፤ በግፊት የተቀለጠ ስለሆነ ብረትና ዚንክ ይበዛበታል።

ምን ያህል ኪሎ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የፑሊውን የእንጨት ሞዴል (አሸዋ ላይ ቅርጹን የሚያትመውን) በላስቲክ ጠቅልላችሁ አፍ ድረስ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አስጥሙት። የፈሰሰው ውሃ በሊትር ተለክቶ በ2.7 ሲባዛ የፑሊው ክብደት ነው። ለመፍሰሻው (ቅልጡ ለሚገባበት ቦይ) እና ለመመገቢያው (ፑሊው ሲጠነክር ሲጨማደድ ለሚሞላለት ተጨማሪ ቅልጥ) ግማሹን ያህል፣ ለአረፋው ደግሞ አንድ አሥረኛ ጨምሩ።

የመስበር ፈተና

ፑሊውን ከማፍሰሳችሁ በፊት 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው ዘንግ አፍስሱ። ሲቀዘቅዝ እስከ ግማሹ በሴጌቶ ቁረጡ፣ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ ምቱ። ከመሰበሩ በፊት ትንሽ ጎንበስ ብሎ፣ ስብራቱ ደቃቅ ግራጫ ከሆነ ይፍሰስ። ጎንበስ ብሎ ብሎ እንቢ ካለ ሲሊኮኑ አንሷል፣ «ፒ» ጨምሩ። እንደ ብርጭቆ ቀጭ ካለና የሚያብለጨልጩ ትልልቅ ሰሌዳዎች ከታዩ ብረት በዝቶበታል ወይም ዚንክ ገብቷል፤ «መ» ጨምራችሁ ማቅጠን ይቻላል፣ ማውጣት ግን አይቻልም። ለስላሳና ክብ ቀዳዳዎች ካሉት እርጥበት ነው፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ከውሃ የወሰደውን ሃይድሮጅን ሲጠነክር መያዝ ስለማይችል አረፋ አድርጎ ይተወዋል። ሸካራና የተቀዳደደ ጉድጓድ መሃሉ ላይ ካለ የመጨማደድ ነው፤ ድብልቁ ምንም አልሆነም፣ መመገቢያው ነው ያነሰው።

ማፍሰስ

ሞዴሉን የጅማ በርጩማ ለሚሠሩ አናጢዎች መስጠት ጥሩ ነው፤ ዋንዛ በቶርኖ ሲቃና ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። ሲቀዘቅዝ በ100 ሴንቲ ወደ 1.3 ሴንቲ ስለሚያጥር ሞዴሉ በዚያው ልክ ይተልቅ። አሮጌውን ፑሊ ራሱን ሞዴል ካደረጋችሁት 30 ሴንቲው 29.6 ሆኖ ይወጣል፤ የወፍጮው ፍጥነትም ይለወጣል።

ሞዴሉ የሚታተምበት አሸዋ ደቃቅ ይሁን፤ በአሥር እጅ አንድ እጅ የሚሆን ሸክላ አፈርና በጣም ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ጨብጣችሁ ስትከፍቱ የጣት አሻራ ታትሞበት፣ ለሁለት ሲሰበር ጥርት ብሎ ከተለየ ደርሷል። እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቷል።

ድስቱን በጥላ ውስጥ ተመልከቱ። ደብዘዝ ያለ ቅላት ለማየት የሚያስቸግር ከሆነ ወደ 700 ዲግሪ ነው። ብርቱካናማ ከሆነ አልፏል፤ ጋዝ ጠጥቷል፣ ከእሳት ውጭ ይቆይ። የኬ ዓይነት ቴርሞከፕል (የሙቀት መለኪያ) ካለ ከ700 እስከ 740 መሃል አፍስሱ። አታማስሉ፤ ባማሰላችሁ ቁጥር አዲስ አረፋ ትሠራላችሁ። የገበታ ጨው መነስነስ የተለመደ ነው፣ ጨው ግን በራሱ 801 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ የሚባለውን ያህል አይሠራም። ላዩን በደረቀና በሞቀ ማንኪያ ገፎ ወዲያው ማፍሰስ ይበልጣል።

የምታፈሱት ደረቅ አሸዋ ላይ ቆማችሁ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ የፈሰሰ አሉሚኒየም በውስጡ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ወለሉን ያፈነዳዋል። የቆዳ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ፣ የፊት መከላከያ፤ ነጠላ ጫማና ናይለን አይሆንም።

ከመፍሰሻውና ከመመገቢያው የተቆረጠው አሸዋው በሽቦ ብሩሽ ይነሳለትና «ድ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ። በሚቀጥለው ድስት ውስጥ ከግማሽ አይብለጥ፤ በተቀለጠ ቁጥር ማግኒዚየሙ እየተቃጠለ፣ ብረቱ እየጨመረ ይሄዳል።