ኮዱ 168፣ ጥፋቱ የማሳ ገመድ

ከሚሌ በኋላ መኪናዬ ኮረኮንች በመታ ቁጥር ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፤ ቁልፉን ዘግቼ ስከፍት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። በመኪናው ኮምፒውተር የተመዘገበው የብልሽት ኮድ ኤስፒኤን (ችግሩ የት እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) 168፣ ኤፍኤምአይ (የችግሩ ዓይነት) 2 ነበር። 168 የባትሪ ቮልቴጅ ነው፤ 2 ደግሞ ንባቡ ከፍ ዝቅ እያለ ይዘላል ማለት ነው። አንዱ መካኒክ ግን «የናፍታ ፓምፕ ቀይር» አለኝ (ዋጋውን ባልጠራው ይሻላል)።

ባትሪዎቹ 25.3 ቮልት፣ ደህና ናቸው። ረዳቴ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ሲያዞር ቴስተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አካል) ያዝኩ፦ 2.1 ቮልት! ከ0.5 ማለፍ አልነበረበትም። የማሳው ገመድ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሻንሲው የሚያገናኘው፣ ሻንሲው ላይ የታሰረበት ብሎን ጭቃ ውስጥ ዝጎ ላልቷል። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩትና ግራሶ ቀባሁት። አሁን 0.2 ያነባል። ሁለቴ ጅቡቲ ደርሼ ተመለስኩ፤ አልጠፋም።