የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዘው አውሮፓ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ተሳቢዎች በሚቆሙበት መንገድ ዳር የሚወራው የጅቡቲ ጭነት ብቻ አይደለም። «አውሮፓ ሹፌር አጥቷል፤ መንጃ ፈቃድህን እዚያ ትቀይረዋለህ» የሚል ደላላም አለ። የሹፌር እጥረቱ እውነት ነው። መቀየሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል።

የመጀመሪያው ስህተት ያለ ፈተና ይቀየርልኛል ብሎ መነሣት ነው። ጀርመን መንጃ ፈቃዳቸውን በቀላሉ የምትቀይርላቸው አገሮች ዝርዝር አላት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። እዚያ ነዋሪ የሆነ ሰው በኢትዮጵያው ፈቃድ የሚነዳው ለ6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ አለበት። የጽሑፉ ፈተና በአማርኛ አይሰጥም፤ በዓረብኛ ግን ይሰጣል፤ ዓረብ አገር ሠርተው ማንበብ የለመዱ ይህን ልብ ይበሉ። ብሪታንያ ለነዋሪ 12 ወር ትፈቅዳለች፣ ያውም ለትንሽ መኪና ብቻ። በኢትዮጵያው ፈቃድ ሲኖትራክ መንዳት እዚያ የማይታሰብ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ደብተርም ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ አይደለም።

«አንዱ አገር ቀይረን ሌላው አገር እናሠራሃለን» የሚለው የባሰ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተገኘ ፈቃድ ተቀይሮ ሲሰጥ ካርዱ ላይ 70 የሚል ቁጥርና የመጣበት አገር ምልክት ይታተምበታል። ባለቤቱ ኑሮውን ወደ ሌላ አባል አገር ሲያዛውር አዲሱ አገር ያንን ካርድ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ካርዱ ከመነሻውም የሚሰጠው በዓመት ቢያንስ 185 ቀን ለሚኖሩበት አገር ነዋሪ ስለሆነ፣ ደላላው የሚያከራየው አድራሻ አያዋጣም።

የዘመን አቆጣጠሩን ችላ ማለት ትንሽ ይመስላል፤ መዘዙ ግን ትልቅ ነው። በጥቅምት 2008 የተሰጠ ደረጃ በእነርሱ አቆጣጠር የ2015 ነው። ማብቂያው 2018 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ለውጭ ሠራተኛ ከዓመታት በፊት ጊዜው ያለፈበት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ፈቃዱን ከሰጠዎት ጽሕፈት ቤት፣ ክልል ከሆነም እዚያው ሄደው፣ እያንዳንዱን ደረጃ መቼ እንዳገኙ የሚገልጽ ደብዳቤ በሁለቱም አቆጣጠር ያስጽፉ። ከውጭ አገር ሆኖ ይህን ደብዳቤ ለማግኘት ዘመድ ማስቸገር ይመጣል።

ምድቦቹንም አያምታቱ። በአውሮፓ «ሲ1» እስከ 7.5 ቶን ነው፤ «ሲ» ከ3.5 ቶን በላይ ያለውን ሁሉ ያስነዳል፤ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ግን «ሲኢ» ያስፈልጋል። ከቃሊቲ ጅቡቲ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው በ«ሲ» ብቻ ከተመዘገበ ለሙያው የሚያስፈልገውን ዋና ነገር አጣ ማለት ነው። ፈቃዱ ቢገኝም በክፍያ ጭነት ለማመላለስ 95 የሚባለው የሙያ ብቃት ምልክት ለብቻው ይፈለጋል፤ እርሱም በየ5 ዓመቱ በ35 ሰዓት ሥልጠና ይታደሳል። የጤናና የዓይን ምርመራውም አይቀርም።

በመጨረሻም ጀርመኖች የራሳቸውን ካርድ ሲሰጡ የኢትዮጵያውን ይወስዳሉ። ለእረፍት መጥተው ገላን ላይ የወንድምዎን መኪና ማንሣት የሚያስቡ ከሆነ፣ ከማስረከብዎ በፊት የፊቱንም የጀርባውንም ቅጂ ያስቀሩ።