ስለ ድንበርና ስለ ፌንታኒል ስናወራ ልናርማቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት፣ ፌንታኒል የተባለው እጅግ ኃይለኛ አደንዛዥ መድኃኒት ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ የሚገባው በረሃ በሚያቋርጡ ስደተኞች ጀርባ ነው ብሎ ማመን ነው። ከሚያዘው ውስጥ አብዛኛው የሚገኘው እንደ ሳን ኢሲድሮና ኖጋሌስ ባሉ ሕጋዊ መግቢያ ኬላዎች፣ በመኪና አካል ውስጥ ተሸጉጦ ነው። ሹፌሩም ብዙ ጊዜ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በፌንታኒል ዝውውር ከተፈረደባቸው 86 በመቶ ያህሉ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። «በበረሃ ያለፈውን ማን ቆጠረው?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ግን ነገሩን በነጋዴው ዓይን እንየው። ፌንታኒል ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ስለሚበረታ አንድ ትንሽ ጥቅል ብዙ ሀብት ነው። ያንን ሀብት ለደከመና ለተጠማ መንገደኛ አስይዞ በረሃ ከመልቀቅ፣ በየቀኑ ብዙ ሺህ መኪና በሚጎርፍበት በር ማሳለፍ ይሻለዋል። በጀቱ ሁሉ ለአጥር ከዋለ የኬላው መፈተሻ መሣሪያና ፈታሹ ባለሙያ ይጎድላሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የተያዘውን ኪሎ እንደ ድል መቁጠርም ያሳስታል። በ2023 የበጀት ዓመት 12 ቶን ያህል ፌንታኒል ተይዟል፤ በዚያው ዓመት ከ100,000 በላይ አሜሪካውያን አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስደው ሞተዋል።

«አለቃው ከታሰረ መረቡ ይበጣጠሳል» ማለትስ? ሲናሎአ የተባለው የሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ቡድን (ካርቴል) መሪ ኢስማኤል ዛምባዳ በሐምሌ 2024 አሜሪካ ውስጥ ተያዘ። ሁለት ወር ሳይሞላ የእሱ ወገንና የቀድሞው የካርቴሉ አለቃ የኤል ቻፖ ልጆች ወገን በሜክሲኮዋ ኩሊያካን ከተማ ላይ ጦርነት ገጠሙ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ነዋሪው ከቤቱ መውጣት ፈራ። አገርን የሚያናጋው የካርቴሎቹ ጠመንጃ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ተይዞ ምንጩ ከተጣራው መሣሪያ አብዛኛው ደግሞ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ወደ ሰሜን የሚገባውን ብቻ ፈትሾ ወደ ደቡብ የሚወጣውን መኪና ዝም ብሎ ማሳለፍ ካርቴሎቹን ማስታጠቅ ነው።

አሜሪካ ላለን ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። «ይህ የእኛን ልጆች አይነካም» አንበል። ኤም 30 የሚል ምልክት ያለበት፣ የሕመም ማስታገሻ የሚመስል ሐሰተኛ ሰማያዊ ክኒን በስልክ መልእክት ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፌንታኒል ነው፣ ገዝቶ የሚውጠው ልጅም አያውቅም። ፌንታኒል ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ከሞት ሊያተርፍ የሚችለው፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ በፋርማሲ ይገኛል። ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ልጆቻችሁንም አጠቃቀሙን አሳዩአቸው።